የአራሚዋ ረቂቅ

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ የጥሪ ካርዱ ግን ገና አልታተመም። የሌላ ሰው ሠርግ ቢሆን ነገሩ እምብዛም አይገርምም። የዚህች ሙሽራ አባት ግን አታሚ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጎረቤቱ ሲዳር፣ ሲመረቅ፣ ሱቅ ሲከፍት ካርዱን ያተመ ሰው የገዛ ልጁን ካርድ መሳቢያ ውስጥ አስተኝቶ ሲቀመጥ፣ ሰው ቢያማው ምን ይፈረድበታል? ታማ። አንዳንዱ አርጅቶ ነው አለ፤ አንዳንዱ ልጁን መዳር አልፈለገም አለ። ሁለቱም ወሬ ጆሮው ደርሷል፤ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ተቀመጠ።

«ጣተ ጥቁር» ነው የሚሉት። ጥፍሩ ሥር የገባው ቀለም በሳሙናም በጋዝም አልለቅ ብሎ አብሮት አርጅቷል። ማተሚያ ቤቱ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራ አንድ ረጅም ክፍል ነው። በመስኮቱ በኩል የእርሳስ ፊደሎች በየጉድጓዳቸው የተኙባቸው መሳቢያዎች አሉ፤ መሐል ላይ በእግር የሚረገጠው አሮጌ ማሽን፣ ጥግ ላይ ደግሞ ወረቀት መቁረጫው። ኮምፒውተርም አለ፤ ደረሰኙና ማስታወቂያው በእሱ ይሠራል። የሠርግ ካርድ ግን በእርሳስ ፊደል ካልሆነ ጣተ ጥቁር አይሆንለትም። ፊደሉ ወረቀቱን ነከስ አድርጎ፣ ዓይነ ስውር ቢዳብሰው እንኳ ሠርግ መጠራቱን ማወቅ አለበት ባይ ነው።

ከማሽኑ አጠገብ ትራስ የታሰረባት አንዲት ወንበር አለች። የአራሚዋ ወንበር ናት። አራሚዋ ሚስቱ ነበረች፤ ከሞተች ሰባት ወሯ ነው።

በዚያ ቤት አንድ የማይጣስ ሕግ ነበር። ፊደሉ ተለቅሞ የሙከራው ቅጂ ከወጣ በኋላ፣ አራሚዋ በቀይ እርሳሷ ምልክት ካላደረገችበት ማሽኑ አይረገጥም። ደንበኛው ቢቆጣ፣ ቢለምን፣ በሩ ላይ ተጋድሞ ቢያለቅስ አይረገጥም። ንባቡም ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ከላይ ወደ ታች፣ ለትርጉሙ። ያን ጊዜ ባሏን «እንግዳ ሆነህ አንብብ» ትለዋለች። «ካርዱን መንገድ ላይ ወድቆ እንዳገኘ ሰው ሁን። የምታውቀውን ነገርማ አታነበውም፤ ታልፈዋለህ።» ሁለተኛው ንባብ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ነው፣ ከመጨረሻው ቃል ተነስቶ ወደ መጀመሪያው፣ ለፊደሉ። በዚህኛው ትርጉም የሚባል ነገር ስለማይኖር ዓይን የሚታለልበት የለም። እሱ የሙከራውን ቅጂ ይዞ ቃል በቃል ጮክ ብሎ ያነባል፤ እሷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ ደንበኛው የሰጠውን ረቂቅ ጭኗ ላይ አድርጋ በቀይ እርሳሷ እየነካች ትከተለዋለች። አንዲት ቃል ቢዘልባት ወይም ቢያጉተመትምባት እርሳሷ ከዚያች ቃል ላይ ንቅንቅ አይልም። «እዚህ ነኝ» ትለዋለች። ተመልሶ እስኪያነባት ትጠብቀዋለች።

ተረብ ታውቅ ነበር። አንዱ ሙሽራ ቀኑን ተሳስቶ ማክሰኞ ብሎ ጽፎ ቢያመጣ፣ «ይህ ቀን እኮ ረቡዕ ነው። እርስዎ ማክሰኞ ከሄዱ ቀድመው ደርሰው ሌላ ሴት እንዳያገቡ» ብላ መልሳዋለች። ሰውየው እስከ ዛሬ ጣተ ጥቁርን ባገኘው ቁጥር ይህችን ያነሳል። አሁን ግን አንስቶ ሳይጨርስ ይተዋታል።

የሞተች ጊዜ የለቅሶዋን ማስታወቂያ ጣተ ጥቁር አላተመም። ከእሱ ጋር ሃያ ስምንት ዓመት የሠራው ሽማግሌ ጠራዥ «እኔ ልልቀመው አለቃ፣ አንተ ተቀመጥ» ቢለው፣ «ከዚህ ቤት አይወጣም» አለ። ሌላ ማተሚያ ቤት አተመው፤ ዕድሜዋን በአራት ዓመት አሳንሶ። ጠራዡ ወረቀቱን ሲያይ እያለቀሰ ሳቀ። «አራት ዓመቷን ማንም ሲቀንስላት ደስ ይላት ነበር» አለ፤ «ግን ደስ እያላትም ታርመው ነበር።»

ከመሞቷ ከሁለት ወር በፊት፣ አልጋ ላይ ሳለች፣ ወረቀት አምጡልኝ አለች። ልጃቸው ታጭታ ነበር፤ ቀኑ ግን አልተቆረጠም። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ሰጧት። ጉልበቷ ላይ ሰሌዳ አድርጋ፣ ሦስት ጊዜ እያረፈች የልጇን የሠርግ ካርድ በእጇ ጽፋ ጨረሰችው። ለቀኑ ብቻ ባዶ ቦታ ተወች።

«ቀኑ ሲቆረጥ እሱን ብቻ ሙላ» አለችው። «ከዚህ ላይ አንዲት ፊደል እንዳትጨምር፣ አንዲት ፊደል እንዳትቀንስ። የልጄ ካርድ ስህተት ይዞ የወጣ እንደሆነ አጥንቴ እሾህ ሆኖ ይወጋሃል።»

«አይወጣም» አላት።

«ማልልኝ።»

ማለላት። እንግዲህ ጣተ ጥቁር ከዚያች ሴት የቀረው ነገር ቢኖር ይህ መሐላ ነው። ሠርጉ ቢያምር ባያምር፣ አበባው ነጭ ቢሆን ቀይ፣ እሱን አያሳስበውም። ካርዱ ስህተት ሳይኖርበት ይውጣ፤ ሌላውን እህቷ ታውቅበታለች።

እህቷ በእርግጥም ታውቅበታለች። አራሚዋን በስድስት ዓመት የምታንስ፣ ምላሷም እግሯም የማያርፍ ሴት ናት። የሠርጉን ዝግጅት ጠቅልላ የያዘችው እሷ ነች። በየጠዋቱ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ትደርሳለች።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ወጣ?»

«ነገ።»

«ነገ፣ ነገ! አዳራሹ ተያዘ። ቬሎው ለሁለተኛ ጊዜ ተለካ። የአበባው ሰውዬ በቀን ሦስት ጊዜ እየደወለ ሊያሳብደኝ ነው። ሰው ካልተጠራ አበባው ለማን ነው? ለወንበሩ?»

«ነገ አልኩሽ እኮ።»

«እህቴ ብትኖር እንዲህ ታደርግ ነበር?» ብላ ትጀምርና ፊቱን ስታይ ትተወዋለች። ከዚያ እሷም ሆድ ይብሳታል፤ አፍንጫዋን ጠራርጋ ወደ ልብስ ሰፊው ትሄዳለች።

ልጅቱ የምትሠራው መድኃኒት ቤት ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ነጭ ካፖርቷን ክንዷ ላይ እንዳደረገች በሩ ላይ ቆመች። የእናቷን ቅንድብ ወስዳለች፤ ስታኮርፍ ሁለቱ ይገጥማሉ።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትዋሸኝ።»

«ጠይቂ።»

«ልጁን ጠልተኸዋል?»

«ኧረ በፍጹም! ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ታዲያ ካርዱ ምን ሆነ? ሰው አፍ ውስጥ ገባሁ እኮ። ሠርጉን ካልፈለግከው ንገረኝና እናቆየው።»

ጣተ ጥቁር መሳቢያውን ከፈተ። የእናቷ ረቂቅ አለ፣ ቀኑ በእሱ እጅ ተሞልቶ። ከሥሩ የሙከራው ቅጂ አለ፣ ንጹሕ፣ ምልክት ያልነካው።

«ከተለቀመ ሁለት ሳምንት ሆኖታል» አላት።

«ታዲያ ምን ቀረው?»

የአራሚዋን ወንበር አየት አደረገ። ልጅቱ ዓይኑን ተከትላ ትራሷን አየች፣ ትራሷ ላይ የተኛውን ቀይ እርሳስ አየች፤ ካፖርቷን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እሱም አላጽናናትም፤ አፉን ቢከፍት የራሱ ለቅሶ መዝጊያ አይኖረውም። ቆይታ ዓይኗን ጠረገችና «እኛ እናንብበው» አለች። «ያለነው እኛ ነን። ምን እናድርግ?»

በማግስቱ ረፋድ ላይ አራቱ ተሰበሰቡ፤ አባትና ልጅ፣ አክስት፣ ጠራዡ። እንደ ሕጉ መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች ነው። ጣተ ጥቁር እያንዳንዳቸውን «እንግዳ ሆናችሁ አንብቡ» አላቸው።

«በገዛ እህቴ ቤት እንግዳ ልሁን?» አለች አክስትየው። «ይኸው፣ አላውቃችሁም። እንደምን አረፈዳችሁ?» ብላ አሳቀቻቸው። ቅጂውን ስታነብ ግን ቀልዱን ተወችው። «እንዴት አድርጋ እንደጻፈችው!» አለች። «የእሷው አነጋገር ነው። ከእሷው አፍ ሲወጣ ነው የሚሰማኝ።» ጠራዡ መነጽሩን ሁለት ጊዜ ወልውሎ አነበበና «እንከን የለውም አለቃ» አለ። ልጅቱ አነበበች። ስታበቃ ቅጂውን ደረቷ ላይ አደረገችው።

ከታች ወደ ላይ ያለውን ንባብ ጣተ ጥቁር ብቻውን አደረገው። ወንበሯ ላይ ማንም እንዲቀመጥ አልፈለገም። ቅጂውን በግራ፣ ረቂቁን በቀኝ ይዞ፣ ራሱ አንባቢ ራሱ አድማጭ ሆኖ፣ ከሰዓቱና ከቦታው ተነስቶ ወደ ላይ ወጣ። ፊደሉ ሁሉ በየቦታው ነው። ከልጃቸው ስም አልፎ የሚስቱ ስም ላይ ደረሰ፤ ከእሷ ቀጥሎ «እና»፤ ከዚያ የራሱ ስም። ሠላሳ አንድ ዓመት የኖረበት ሐረግ ነው፤ እንደ ውሃ ወረደለት። ቀዩን እርሳስ አልነካም። በራሱ ጥቁር እርሳስ ምልክት አደረገና ማሽኑን ረገጠ። ሁለት መቶ ሃምሳ ካርድ ታተመ።

ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ቀናት ጥሩ ነበሩ። ጠራዡ እያጠፈ፣ አክስትየው ፖስታ ላይ ስም እየጻፈች፣ ልጅቱ ከሥራ መልስ በየቢሮው እያደረሰች፣ ሁለት መቶ ያህሉ ወጣ። የተቀበለ ሁሉ ጣቱን ፊደሉ ላይ እያሳለፈ ያደንቃል። ጣተ ጥቁር አዲስ ሸሚዝ ለካ፤ አንገቱ ቢጠብበው ጠራዡ «ሙሽራው አንተ ነህ እንዴ? እኛ እኮ ካርዱን ለልጅቷ ነው ያተምነው» አለው፤ ጣተ ጥቁር ከት ብሎ ሳቀ። ከሰባት ወር ወዲህ እንዲያ ሲስቅ ያየው ሰው የለም። የማለላትን አድርሷል። አሁን እንቅልፍም ይወስደዋል።

በአምስተኛው ቀን የሙሽራው እናት መጡ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ድምፃቸው ከፍ የማይል። ብቻቸውን ነበሩ። ከገቡ በኋላ በሩን መለስ አደረጉት።

«ይቀመጡ እንጂ እትዬ» አላቸው።

በአራሚዋ ወንበር በኩል አልፈው ወረቀት በተከመረበት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ቦርሳቸውን ከፍተው ካርዱን አወጡ፤ አውጥተውም ወዲያው አልሰጡትም።

«እንዴት እንደምነግርዎት አላውቅም» አሉ። «ሆን ብላችሁ ያደረጋችሁት ከሆነ እንዳልተናገርኩ ይቁጠሩት። የእናንተ ነገር ነው፤ እኔ አይገባኝም። ግን ዘመዶቼ ‹የልጅቷ እናት አሉ እንዴ?› ብለው ጠየቁኝ። እኔ ደግሞ ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ። በእግዜር፣ ራሴን ተጠራጠርኩ።»

ጣተ ጥቁር ካርዱን ተቀበለ። አነበበው። ምን እንደሚሉት አልገባውም። ፊደሉ ልክ ነው፣ ቀኑ ልክ ነው፣ ሰዓቱ ልክ ነው። እንደገና አነበበው። በሦስተኛው ግን እንደ ሴትዮዋ፣ በሌላ ሰው እጅ የያዘው ይመስል፣ በእንግዳ ዓይን አየው። አባትየውና እናትየው ጎን ለጎን ቆመው ኑልን ይላሉ። ባልና ሚስት፣ በሕይወት ያሉ፣ በር ላይ ቆመው እንግዳ የሚቀበሉ። ከእሷ ስም በፊት መኖር የነበረባቸው ሁለት ቃላት፣ «ነፍስ ኄር» የሚሉት፣ የሉም።

ክው አለ። ማሽኑን ያዘ።

«አላየሁትም» አለ። «እትዬ፣ ልሙት፣ አላየሁትም።»

ሴትዮዋ ተነስተው ክንዱን ያዙት። «አውቃለሁ» አሉ። «ቢያዩትማ ኖሮ።» ትንሽ አብረውት ቆሙና ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ትተውለት ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ወሬው ለቀሩት ደረሰ። አክስትየው ካርዱን ገልብጣ እያየች ራሷን ደበደበች። «አራት ሰው! ስምንት ዓይን! አንዳችን እንኳ? እኔ እኮ ፖስታውን ሁለት መቶ ጊዜ አሽጌዋለሁ።» ጠራዡ መነጽሩን አውልቆ ያዘው። «እኔ አንብቤዋለሁ» አለ። «ልክ ነበር። አሁንም ሳነበው ልክ ይመስለኛል፤ ምን ጉድ እንደሆነ አላውቅም።»

ልጅቱ ከሥራዋ አስፈቅዳ መጣች። ከሁሉም ይልቅ የተረጋጋችው እሷ ነበረች።

«ይቅር አባዬ» አለችው። «እንዳለ ይሁን።»

«ምኑ ነው የሚቀረው?»

«ካርዱ። እማዬ ትጥራቸው። ሰው ምን ይላል? ያለውን ይበል። እሷ ራሷ አንዲት ፊደል እንዳትጨምር አላለችህም? ምለህላታል እኮ።»

እዚህ ላይ ጣተ ጥቁር መሐላው ለሁለት ተሰነጠቀበት። አንዲት ፊደል አልጨምርም ብሏል። ስህተት አላወጣም ብሏል። ሁለቱንም በአንድ አፍ፣ በአንድ ቀን፣ ለአንዲት ሴት። ልጁ ያለችው ደግሞ ልቡን አባባው። እንዳለ ቢተወውስ? ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ሠርግ፣ ስሟ ከስሙ ጋር ቢቆም ማን ይጎዳል?

መሳቢያውን ከፍቶ ረቂቁን አወጣና ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ። እጅ ጽሕፈቷን አየ። ያን ጊዜ የሕመሟን መጨረሻ ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች። እንዲያውም ሌላውን የምታጽናናው እሷው ነበረች። እህቷን «አታልቅሺ፣ እኔ ተዘጋጅቻለሁ» ብላታለች። ልጇን «ሠርግሽን ባላይም አይቆጨኝም» ብላታለች። እሱን ደግሞ ሸሚዙ የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ሳይቀር ነግራዋለች። ሁሉም አመኗት። እጇ ግን ሌላ ነገር ጽፏል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ነጠላ ሰረዝ ያላለፈች ሴት፣ የራሷን ስም ከባሏ ስም ጎን እንደ ደህና ሰው ጽፋ አልፋዋለች። እደርሳለሁ ብላ ነው። በአፏ ጨርሻለሁ እያለች በሆዷ ተስፋ አድርጋ ነበር፤ ለማንም ሳትናገር፣ ለእሱም ሳትናገር።

ይህ አሁን ገባው። በሞተችበት ቀን ሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ የዋለው ሰውዬ፣ ያን ቀን ረቂቁን ይዞ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ።

«ትመጣ ነበር» አላቸው ሲበርድለት። «ልትመጣ ፈልጋ ነበር።»

ልጅቱ ተጠግታ ወረቀቱን አብራው አየች። «እንግዲያውማ ትምጣ አባዬ» አለች። «እንዳለ ተወው፤ ትምጣልኝ።»

ጣተ ጥቁር ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይህ የሌላ ሰው ካርድ ቢሆን» አላት፤ «የአንድ ሚስቱ የሞተችበት ደንበኛ ረቂቅ ቢሆን። እናትሽ ወንበሯ ላይ ብትቀመጥና ብታየው ታልፈዋለች?»

ጠራዡ ወደ መቁረጫው ዞረ።

«አታልፈውም» አለች ልጅቱ በመጨረሻ።

ስለዚህ ይታረም ተባለ። አክስትየው የተላኩትን ሰዎች ዝርዝር አወጣች፤ ከላይ እስከ ታች አየችውና አንገቷን ነቀነቀች። «እንግዲህ እንደገና ቤት ለቤት ልዙር» አለች። «በር እያንኳኳሁ ‹ይቅርታ ተሳስተናል፣ እህቴ ሞታለች› ልበል?» ቀልድ አስመስላ ነበር የጀመረችው፤ ስትጨርሰው ግን ቀልድ አልነበረም። ጠራዡ «አብሬሽ እዞራለሁ» አላት።

ጣተ ጥቁር ወደ ፊደል መሳቢያው ሄደ። ለሌላ ሰው እነዚያን ሁለት ቃላት ስንት ጊዜ ለቅሟቸዋል! ጣቱ ሳያይ ያገኛቸዋል። «ነ» ከመሐል ናት፣ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ስለሆነች የምታብረቀርቅ። «ፍ» እና «ስ» እንዲሁ። «ኄ» ግን ጥግ ላይ ያለች ፊደል ናት፤ ከዚያች ቃል ሌላ ሥራ የላትም ማለት ይቻላል፤ አቧራዋን በትንፋሹ እፍ አለላት። ከዚያ የተለቀሙት ፊደሎች የታሰሩበትን ገጽ ፈታ። ሁለቱ ስሞች አንድ መስመር ላይ ተጠጋግተው ነው የተቀመጡት፤ አዲሶቹ ቃላት እንዲገቡ የእሷን ስም ከእሱ ስም መግፋት ነበረበት። በጣቱ ገፋ አደረገው። ቦታ ሲከፈት ቃላቱን አስገባ። የሙከራውን ቅጂ አወጣ።

ረቂቁም መታረም አለበት። ቅጂው ከረቂቁ ጋር ካልገጠመ ንባብ የለም፤ ይህም ሕግ ነው። ጣተ ጥቁር ልጁን አየት አደረገ፤ ከዚያ የእናቷን ወንበር በእጁ አመለከታት።

ልጅቱ ቀዩን እርሳስ አነሳችና ተቀመጠች። በሰባት ወር ውስጥ እዚያ የተቀመጠ የመጀመሪያ ሰው ናት። ረቂቁን ጭኗ ላይ አደረገች። ከእናቷ ስም በፊት፣ እናቷ በሰው ረቂቅ ላይ ስታደርግ እያየች ያደገችውን የማስገቢያ ምልክት አደረገችና ሁለቱን ቃላት ከላዩ ጻፈች። አራሚዋ በሕይወቷ አንብባ ካሳለፈችው ጽሑፍ ሁሉ በሌላ እጅ የታረመባት ይህች ብቻ ነች።

ከላይ ወደ ታች ያለውን ንባብ የሙሽራው እናት አደረጉላቸው፤ ለእንግድነቱ ከእሳቸው የሚሻል ስላልነበረ ሄደው ጠሯቸው። መነጽራቸውን አድርገው በዝግታ አነበቡና «አሁን ልክ ነው» አሉ። ከዚያ የቀረው ከታች ወደ ላይ ነው።

ጣተ ጥቁር ቅጂውን ይዞ ማሽኑ አጠገብ፣ ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ ቆመ። ከሰዓቱ ጀመረ። ከአዳራሹ። ከቀኑ። ቃል በቃል፣ ጮክ ብሎ። የልጁ እርሳስ ረቂቁ ላይ እየነካ ሲከተለው ይሰማዋል። የሙሽራውን ስም አነበበ። የልጁን ስም አነበበ። የሚስቱን ስም አነበበ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል። ሰባት ወር ሙሉ ከአፉ አልወጣም። «የለችም» ብሏል፣ «ከሄደች ወዲህ» ብሏል፣ «እሷ እያለች» ብሏል፤ ይህንን ግን ከእሷ ስም ጋር አንድ ቀን ብሎት አያውቅም። ከንፈሩ የታሰረ ይመስል አፉ አልታዘዘውም። ዘሎ «እና» ሊል ዳዳው።

እርሳሱ ከቃሉ ላይ ንቅንቅ አላለም።

«እዚህ ነኝ» አለች ልጅቱ።

ቀና ብሎ አያት። እናቷን አስመስላ አልነበረም ያለችው። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፤ ቢሆንም ትጠብቀዋለች፤ እስኪያነበው ድረስ የትም አትሄድም።

«ኄር» አለ።

እርሳሱ ነካ።

«ነፍስ።»

እርሳሱ ነካ።

«እና» አለ ጣተ ጥቁር። ከዚያም የራሱን ስም፣ ብቻውን፣ አነበበ።